ስፖንጁ ደርቆ ነበር፣ ክቡር ዶክተር

ሳልቫዶር፣ ሰኞ ሜይ 26

ለክቡር ዶክተር ኤርሚሊንዶ ታቫሬስ
የሴራ ቬሊያ የሕጻናት ተሐድሶ ማዕከል ዳይሬክተር

እጅግ የተከበሩ ዶክተር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጥርስዎ ሙሉ፣ የእጅዎ አጥንት ያልተሰነጠቀ፣ የቆሙበትም ወለል የጸና ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በእኔ ቤት ሦስቱም በአንድ ቀን ስለጎደሉ ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ አውቃለሁ። ሜይ 14 የላኩልኝ መልእክት ቃል በቃል ይህን ይላል፦

«የታካሚዋ ፀጉር ለመሣሪያው ንክኪ እንቅፋት በመሆኑ የቴክኒክ ባለሙያው መጠነኛ ማስተካከያ አድርጓል። ቤተሰቡ በኃይል ምላሽ በመስጠት ሠራተኞችን ደጋግሞ መትቷል። በተፈጠረው ግርግር ሕጻኗ ቀድሞ ባለባት ችግር ምክንያት ሚዛኗን ስታ ወድቃለች። ስለዚህ ከጥናቱ መሰናበቷን በአክብሮት እናሳውቃለን።»

ሠላሳ ዓመት መሬት የለካሁ መሐንዲስ ነኝ፤ በአራት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይህን ያህል የልኬት ስህተት አጋጥሞኝ አያውቅም። «ውሸት» የሚለውን ቃል የማልጠቀመው ባለቤቴ ደብዳቤው ውስጥ ስድብ እንዳይገባ ስላስማለችኝ ብቻ ነው።

ልጄ ታይናራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያለ ጊዜዋ ስትወለድ ሚዛን የሚጠብቀው የአንጎሏ የኋላ ክፍል ስለተጎዳ፣ ማንም ሳይነካት ትወድቃለች። ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ «አባዬ፣ ወለሉ ዛሬም ጠጥቶ ነው ያደረው» ትለኛለች። ማዕከልዎ በሁለት እርጥብ ስፖንጆች አማካኝነት ደካማ ኤሌክትሪክ በራስ ቆዳ ላይ እየለቀቀ፣ ልጆችን በማንጠልጠያ ቀበቶ ይዞ በመራመጃ ማሽን ላይ የሚያሠለጥንበትን የአሥር ቀን ጥናት ሲያውጅ፣ የፈቃድ ወረቀቱን አራት ጊዜ አንብቤ፣ ሁለት የፊደል ግድፈት አርሜ ፈረምኩ። ወረቀቱ ግማሾቹ ልጆች በዕጣ የይስሙላ ኤሌክትሪክ እንደሚደርሳቸው፣ ይህንም ወላጅም ሆነ ባለሙያ እንደማያውቅ፣ የይስሙላው የደረሳቸው ግን ጁን 10 በሚጀምረው ሁለተኛ ዙር እውነተኛውን እንደሚያገኙ በግልጽ ይናገራል። ተስማምቻለሁ፤ ዛሬም እስማማለሁ። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሠራው።

በመጀመሪያው ቀን ታይናራ በሚዛን መለኪያው ሰሌዳ ላይ ያለ ድጋፍ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆመች። ከስድስተኛው በኋላ ሠላሳ ስምንት። ልጄ በምትመኘው በጁኑ የሳን ዧው በዓል ጭፈራ፣ ጥንዶች ክንዳቸውን አጋጥመው በሚሠሩት ቅስት ሥር የማንንም እጅ ሳይዙ ለማለፍ ሃያ አምስት ሰከንድ እንደሚበቃ በሰፈራችን አደባባይ በሰዓት ለክቻለሁ። ዛሬ ልጄ የምትቆመው ስድስት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ያለኝን ምስጋና በተራ ላቅርብ።

1. «እንቅፋት» ስላሉት ፀጉር አመሰግናለሁ። የባለቤቴ እናት ዶና ኤዴዚያ ከአያቶቻቸው በወረሱት እምነት ቤት ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዚያ ቤት የሰው ራስ የተቀደሰ ስለሆነ ሳይጠየቅ አይነካም። ራሱ ይጠየቃል፤ ከዚያ ባለቤቱ። ኤሌክትሪኩ ገና ከመጀመሩ በፊት የልጅቷን ራስ በቅጠል ውሃ አጥበው፣ ለእርስዎ ስፖንጅ ፈቃድ ጠይቀውላታል። ከዚያም ሹሩባዋን ሲሠሩ ስፖንጁ የሚያርፍበትን ቦታ ባዶ ተዉት፤ አምስት በሰባት ሴንቲ ሜትር፣ ከራስ ቅሏ የኋላ ጉብታ ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ። ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ስፖንጁ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ምንም ሳይጎድለው ተቀምጧል። ቴክኒሽያንዎ ጊልሞንም ዶና ኤዴዚያ በየቀኑ ይዘውለት የሚመጡትን የካሳቫ ኬክ ሁለት ሁለት ቁራጭ ሲበላ ፀጉሩ አላነቀውም።

2. ሜይ 9፣ ሰባተኛው ቀን፣ አርብ ነበር፤ እንደ ወጋችን ሁላችንም ነጭ ለብሰናል። እኔና ዶና ኤዴዚያ በመስታወቱ በኩል ቆመን እናያለን። መሣሪያው «ንክኪ የለም» እያለ ይጮሃል። የጨው ውሃው ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ክዳኑ አልተከፈተም። ፊዚዮቴራፒስቷ ጆዝያኔ፣ እግዚአብሔር ያክብራት፣ «ጊልሞን፣ ስፖንጁን አርጥበው እንጂ! ደርቋል እኮ!» አለች። እሱም «አንቺ እግሯን ያዥ፣ ጭንቅላቱን ለእኛ ተይልን» አላት። እርስዎ እንግዶችዎን አስከትለው ሲያልፉ በሩ ላይ ቆሙና እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን ተናገሩ፦ «ሹሩባ ነው ሥራ ያስፈታችሁ? ቁረጠውና ቀጥል!»

ጊልሞን ማንጠልጠያውን ከፍ አድርጎ የልጅቷን እግር ከማሽኑ አነሳ። እንዳትወድቅ የተሠራው ቀበቶ ለመቀሱ ያዘላት። በአየር ላይ እየተወራጨች «አያቴ፣ አስቁሚው! አያቴ!» ትላለች፤ እሱ በአንድ እጁ አንገቷን ተጭኖ፣ በሌላው ይቆርጣል። ስድስት ጉንጉን። የመጨረሻው ላይ መቀሱ ጆሮዋን በላ። በነጭ ቀሚስ ላይ ደም ምን ያህል እንደሚታይ እንግዶችዎ ይመሰክራሉ።

3. «ደጋግሞ መትቷል» የሚለውን ላርም። ዶና ኤዴዚያ ሮጠው ገብተው «መቀሱን አስቀምጥ! የሰው ራስ ነው፣ የጓሮ ሣር አይደለም!» ሲሉ፣ ጥበቃዎ ጃይልቶን «እማማ፣ ረጋ በይ፣ እዚህ የጥንቆላ ቤትሽ አይደለም» ብሎ የሰባ አንድ ዓመት ሴት እጅ ወደ ኋላ ጠመዘዘ። የእጃቸው አንጓ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ድምፁን እኔ ከአራት ሜትር ሰምቻለሁ። ያኔ ገብቼ ጃይልቶንን መታሁት። በቀኝ እጄ፣ አንድ ጊዜ፣ አፍንጫው ላይ። ሁለተኛ ያልደገምኩት በትዕግሥት ሳይሆን ከመጀመሪያው ስለወደቀ ነው። «ደጋግሞ» የሚለው ቃል ከመዝገቡ እንዲፋቅ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ እኔ ግን ያደረግሁትን አልክድም፣ ለፖሊስም ፈርሜ ሰጥቻለሁ።

4. «ሚዛኗን ስታ ወድቃለች።» እርስዎ «አስወጧቸው!» ብለው ሲጮኹ ጊልሞን የቀበቶውን መቆለፊያ ከላይ ስቦ ፈታው። ከሥሯ ማሽኑ አሁንም ይዞራል፤ ማንም አላጠፋውም። ልጄ ከነቁመቷ በሚሮጠው ላስቲክ ላይ ተጣለች፤ ላስቲኩም ወደ ኋላ ጎትቶ ብረቱ ላይ በፊቷ ደፋት። ሁለት የፊት ጥርስ። የወተት ጥርስ አይደሉም፣ ክቡር ዶክተር፤ ሌላ አይበቅልም።

በሌላ ሐኪም ቤት ነርሷ እንደ ልማድ «ወይኔ ቆንጆ፣ ወደቅሽ እንዴ?» ብትላት፣ በዕድሜዋ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ስትል የኖረች ልጅ ደሟን ዋጥ አድርጋ «አልወደቅኩም። መውደቅ እኔ አውቃለሁ። ጣሉኝ» አለች። ከአሥራ ሰባት ቀን ወዲህ ከጀርባዋ ሰው እንዲቆም አትፈቅድም፤ ሊደግፏት የሚመጡትን እጆች ትነክሳለች።

5. የመጨረሻው ምስጋናዬ ለጽሕፈት ቤትዎ ፍጥነት ነው። የልጄን ማኅደር ብጠይቅ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ታሽጎ መቆየት የነበረበትን የዕጣ ወረቀት ጭምር በአንድ ፖስታ ጠቅልለው ላኩልኝ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ታይናራ ኖናቶ። የይስሙላ ቡድን። መሣሪያው ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ራሱን ያጥፋ።» ጊልሞን ይህን አያውቅም ነበር። ጆዝያኔ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ከሥሩ ያለው ፊርማ አንድ ብቻ ነው፤ የእርስዎ።

እንግዲህ ያ ስፖንጅ ቢረጥብም ባይረጥብም ለልጄ የሚያመጣው ነገር እንደሌለ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ «ቁረጠው» ያለውም እሱ ነው። አሥራ አንዱን ሰከንድ ሠላሳ ስምንት ያደረገው የእርስዎ ኤሌክትሪክ አልነበረም። የታይናራ እግርና የጆዝያኔ እጅ ናቸው። ያንን ነው ያፈረሱት።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን በጽሑፍ፣ በፊርማዎና በማኅተም እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ፦ የመቁረጡን ትዕዛዝ ማን እንደሰጠ፤ «ወድቃለች» የሚለው «ተጥላለች» ተብሎ መታረሙን፤ ታይናራም በሁለተኛው ዙር፣ በጆዝያኔ እጅ፣ አያቷ ከፊቷ ቆመው፣ ራሷን የሚነካ ሁሉ አስቀድሞ እሷን እየጠየቀ፣ በወረቀቱ የተገባላትን እውነተኛውን አሥር ቀን ማግኘቷን። «አይ» የማለት መብቷም እንደተጠበቀ ነው፤ እስካሁን «አይ» እያለች ነው፣ እኔ ግን በሩ እንዲከፈትላት እፈልጋለሁ።

መልስዎን እስከ አርብ ጁን 6 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። በ11 ሰዓት ከአንድ ደቂቃ የዚህ ደብዳቤና የዕጣው ወረቀት ቅጂ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ይሆናል።

የባለቤቴን መሐላ እስከ መጨረሻው መስመር ለመጠበቅ ጥርሱን የነከሰው፣ ጥርስ ስላለው የሚያመሰግን፣ አክባሪዎ

ቫልዴሲር ኖናቶ
የመሬት ቅየሳ መሐንዲስ፣ የታይናራ አባት

በተጨማሪ፦ አምስት በሰባት ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ካርቶን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ክቡርነትዎ ከኋላ መላጣ ስለሆኑ ያለ መቀስ በትክክል ያርፍልዎታል። ከማስቀመጥዎ በፊት ብቻ ያርጥቡት።