በብረት ሳጥን ስለተቆለፈው ዋይፋይና ስለ አስራ ሦስተኛው ቻናል

ለተከበሩ አቶ ፍቅሩ
በቆቦ ከተማ የምንከራይበት ሕንጻ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎና የቤተሰብዎ ጤና እንዴት ሰንብቷል? ከዋጃው ሠርግ በሰላም ተመልሰው ቢሮዎ በመግባትዎ፣ የሳጥኑም ቁልፍ አብሮዎት በመመለሱ፣ ምድር ቤት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራው እኔ እሸቴ የተሰማኝን ደስታ በአደባባይ እገልጻለሁ። ቅሬታዎቼ ሦስት ናቸው፤ አብዛኛው በራሴ ላይ ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅዎትም።

1. በተከራዮች ስብሰባ ላይ ዋይፋይ ስድስት የሚባለውን አዲስ ደረጃ ሊያስገቡልን እንደሆነ ሲያበስሩን፣ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነ ስጠየቅም «ፍጥነቱ ለጉድ ነው!» ብዬ አስረዳሁ፤ የማውቀው ግን ከአምስት እንደሚበልጥ ብቻ ነበር። የያዝናቸው አሮጌ ስልኮች በስድስተኛነቱ እንደማይጠቀሙ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እርስዎ ደግሞ ዋይፋዩን የሚረጨውን ዕቃ፣ ራውተሩን፣ ከቆቦ አቧራ ለመጠበቅ በብረት ሳጥን ቆለፉበት። አቧራ አልገባም፤ ዋይፋይም እምብዛም አልወጣም። ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2. ከሳጥኑ በጭንቅ ያመለጠችው ሲግናል፣ የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ በሚጋፉበት በአንደኛው ቻናል፣ ማለትም በአንድ መስመር ላይ ትጨናነቅ ነበር። ይህን ስነግርዎ «አንተ ባለሙያ ነህ፣ አስተካክለው» ብለው የይለፍ ቃሉን ሰጡኝና ወደ ዋጃ ሄዱ። «ባለሙያ» ባይሉኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ከሱቄ ጎን ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ መይሙና ትልቅ ጉዳይ ነበራቸው። ደሴ ያለችው ልጃቸው ወልዳ፣ ለሕፃኗ ስም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መሄድ ስላልቻሉ በስልክ ቪዲዮ ሊያወጡላት ሰዓት ተቀጥሯል፤ የገበያ ቀን ስለነበረም የሞባይል ዳታው ተጨናንቋል። «እቅፍዎ ውስጥ ያለች ያህል አድርጌ ነው የማሳይዎ» አልኳቸውና ቻናሎቹን መረመርኩ። አስራ ሦስተኛው ላይ ማንም የለም! ለዘመናት ሰው ያላየው ባዶ መሬት ያገኘሁ መሰለኝ። ራውተሩን ወደዚያ ሳዛውረው ዋይፋያችን ከእሳቸው ስልክም ከእኔ ኮምፒውተርም ድርግም ብሎ ጠፋ። ለካስ ባዶ የመሰለኝ ዕቃዎቻችን ከአስራ አንድ በላይ ያለውን ቻናል ማየት ስለማይችሉ ነበር። ራውተሩን ወደ ነበረበት የምትመልሰዋ በጣት የምትጫን ትንሽ ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ናት፤ የሳጥኑ ቁልፍ ዋጃ ነው፤ የእርስዎ ስልክ ዝግ ነው።

3. ሦስተኛው ቅሬታዬ እፍረት ነው። እትዬ መይሙና ሰዓቱ ሲያልፍባቸው ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የሚሸጡትን ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሮጬ ወጥቼ ባለ ባጃጁን ረዲን ጠራሁትና ደግፈን አሳፈርናቸው።

«ወዴት ነው?» አለኝ ረዲ።

«ወደ ጎብዬ ንዳው፤ ሰው የሌለበት ስትደርስ አቁም።»

ከከተማው ወጥተን ማሽላው መሃል ስንቆም ዳታው ተለቀቀ፤ የልጃቸውም ፊት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

«እማ! አንቺ ስም ሳታወጪላት ማንም አይጠራትም ብዬ ሰዉን ሁሉ አስቀምጬዋለሁ» አለች፣ ሕፃኗን ወደ ስልኩ አስጠግታ።

ረዲ ሞተሩን አጠፋው። እትዬ መይሙና ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና «ቢስሚላህ፤ ሀስና ትባል» አሉ። ከወዲያ በኩል እልልታው ቀለጠ። እኔም ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የማስር መሰልኩ፤ ያደረግኩት ግን ነጠላ ጫማ ነበር።

ስንመለስ «አላህ ይስጥህ እሸቴ፤ ኢንተርኔቱን ባታበላሽብኝ ዘንድሮ የማሽላውን ማማር ሳላየው ይቀር ነበር» አሉኝ። ምርቃት ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየሁም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው፣ ሳጥኑ እንዲከፈት፣ ቻናሉም ሰው ወደሚያየው እንዲመለስ፣ የይለፍ ቃሉም ተቀይሮ አዲሱን ለፈለጉት ሁሉ ሲነግሩ ለእኔ ብቻ እንዳይነግሩኝ ነው።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለስልክዎ ባትሪ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

እሸቴ
ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ

ማስታወሻ፦ በሕንጻው መግቢያ «ነጻ ዋይፋይ» የሚለውን ትልቅ ማስታወቂያ ለማስነሳት እንዳይቸገሩ። ቃላቱ ቦታ ተለዋውጠው አንዲት «ከ» ብትጨመር «ከዋይፋይ ነጻ» ይላል፤ ማስታወቂያውም ከእንግዲህ አይዋሽም።