ሃያኛዋ ጤነኛ

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? የስፌት መኪናሽ መርፌ መስበሩን ተወ ወይ? እኔ ከሥራው ብዛት በቀር ደህና ነኝ። በየደብዳቤዬ ጤናሽን እጠይቅሻለሁ፤ አንቺም በየመልስሽ እኔ እንደሆንኩ ድንጋይ ነኝ ትይኛለሽ፤ ከዚያ ወደ ወሬያችን እናልፋለን። ዛሬ ግን አንለፍ። የዛሬው ጥያቄዬ የወግ አይደለምና ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ። መነጽርሽንም አድርጊ፤ ያለ መነጽር ማንበብሽን ለጎረቤት አውሪ እንጂ ለእኔ አታውሪ።

ባለፈው ወር ስትመጪ ሥራችንን በደንብ ሳላስረዳሽ ነው ብስክሌቱ ላይ ያወጣሁሽ። እኛ እዚህ ሦስት ጀማሪ ተመራማሪዎች ነን። የምናጠናው ሰው ሰውነቱን ሲያንቀሳቅስ ሳንባው እንዴት እንደሚያግዘው ነው። ለዚህም ሳንባቸው የታመመ ሃያ፣ ጤነኛ ደግሞ ሃያ ሰዎች ያስፈልጉናል። የታመሙት ከክሊኒክ ይላኩልናል። መከራው ጤነኛ ማግኘቱ ነው። ጤነኛ ሰው ሥራ አለው፤ አፍንጫውን ተቆንጥጦ የማይሄድ ብስክሌት ሊነዳ አይመጣም። ስለዚህ የፈረደበት ዘመዳችን ሁሉ በተራ በተራ ይነዳልናል፤ የአማካሪያችን ባለቤት እንኳ አልቀሩም። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነች አንዲት ሴት ጎድላን ስንጨነቅ አንቺ በስልክ እኔ እመጣለሁ አልሽኝ። ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ያለ ልመና! በደስታ ብዛት ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅሁሽም።

ላብራቶሪያችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። አንደኛ ፎቅ ላይ ቆም ብለሽ ግድግዳው ላይ ስላለው የልብ ሥዕል ጠየቅሽኝ። አስረዳሁሽ። ሁለተኛው ላይ ስለ ሳንባው ጠየቅሽኝ፤ እሱንም ቅርንጫፎቹን እየቆጠርኩ አስረዳሁሽ። ሦስተኛው ላይ ሥዕል ስለሌለ ስለ ግድግዳው ቀለም ጠየቅሽኝ። እህቴ ለእውቀት እንዴት ጓጉታለች ብዬ ኮራሁ እኮ! የሰው ትንፋሽ መቁጠር እንጀራዬ ሆኖ የአንቺን አልሰማሁትም።

አሁን ልናዘዝልሽ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ደንቡ ጥያቄዎቹን አንብበን መልሱን ከተሳታፊው አፍ መስማት ነው። አንቺ ግን ከጓደኞቼ ጋር እየተሳሳቅሽ ሳለ እኔ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቆሜ ቶሎ ቶሎ ጨረስኩት። ታጨሳለች? አታጨስም። አስም አለባት? የለባትም። እህቴን ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል? አሥራ አንደኛው ጥያቄ አቧራ ወይም ብናኝ ባለበት ቦታ ሠርታ ታውቃለች ወይ ይላል። አታውቅም የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን ያደረግሁት! እናታችን ካረፈች ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥጥ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርተሽ ያሳደግሽኝ እኔ። አመሻሽ ላይ ስትገቢ በርጩማው ላይ ቁጭ ትያለሽ፤ እኔ ከኋላሽ ቆሜ ከፀጉርሽ ላይ የጥጡን ብናኝ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ዛሬም አርጅተሽ መጣሽ እያልኩ እስቅብሽ ነበር። አንቺም አርጅቻለሁና ውሃ አምጪልኝ ትይኝ ነበር። ያንን ብናኝ በለቀምኩበት እጄ ነው አታውቅም ያልኩት። ለምን ብትይኝ እኔ እንጃ። አቧራ ሲባል የሚታየኝ ድንጋይ ፈላጩና ሲሚንቶ ተሸካሚው ነው። የአንቺ ጥጥ ለእኔ የቤታችን ነገር ነበር፤ ደግሞም ፋብሪካውን ከተውሽ ስድስት ዓመት ሆኖሻል።

የሳንባ መለኪያውን ቱቦ ሦስት ጊዜ ነፋሽ፤ ሦስቴም ልኬቱ አነሰ። እየሳቅሽ ነው፣ በደንብ ንፊ እንጂ ብዬ ተቆጣሁሽ። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጥተሽ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ጉልበቴን አመመኝ ብለሽ ወረድሽ። እኔም ጉልበት ብዬ ጻፍኩ። በደንብ አልነፋችም ብዬም ልኬትሽን ጣልኩት። አንቺ ደግሞ ሥራሽን አበላሸሁብሽ ብለሽ ይቅርታ ጠየቅሽኝ።

መለኪያውን በየጠዋቱ በትልቅ ፓምፕ የሚያስተካክለውን ጓደኛችንን ታስታውሺዋለሽ፤ እኛም ስሙን ትተን ፓምፕ የምንለውን። ሻይ ሲያቀርብልሽ አፍሮ ግማሹን ሳህኑ ላይ የደፋው። ባለፈው ሳምንት የጣልናቸውን ልኬቶች ሲያገላብጥ የአንቺን ይዞ መጣ። ለምን እንደጣልኩት ጠየቀኝ። በደንብ ስላልነፋች ነው አልኩት። የሦስቱን ትንፋሾችሽን መስመሮች ኮምፒውተሩ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደረባቸው። እትዬ፣ አንድ መስመር ሆኑ። ሰንፎ የሚነፋ ሰው አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል፤ ሰንፎ ሦስቴ እኩል የሚነፋ የለም። ይህን ለተማሪዎች የማስተምረው እኔ ራሴ ነኝ። ቢሆንም ጮህኩበት፤ ማሽንህ ነው የተበላሸው አልኩት። ምስኪን፣ አልተቀየመኝም። ቱቦ ቀይሮ ራሱ ነፋ፤ ከዚያ እኔን አስነፋኝ። ማሽኑ ደህና ነው፤ ያነሰው የአንቺ ትንፋሽ ነው። እኔ ወጥቼ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለአማካሪያችን ሁሉንም ነገርኳቸው። ተግሣጹን ጠጣሁት፤ ይገባኛል። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው አንድ የሳንባ ሐኪም አነጋገሩልሽ። ቀጠሮሽ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሐኪሙ በቁጥር ብቻ ምንም አይባልም፣ መጥታ ልያት ብለዋል። እኔም ካየሁት ልንገርሽ፤ ከታመሙት ተሳታፊዎቻችን መካከል መድኃኒት ጀምረው፣ ብስክሌቱን ቀስ በቀስ እየለመዱ፣ ገበያ ደርሰው መመለስ የቻሉ አሉ። ስለዚህ እሁድ ተነሺ። የሰው ቀሚስ ይዣለሁ እንዳትይኝ፤ ቀሚሱ ይቆይ።

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። መናኸሪያ ስሸኝሽ በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብለሽ፣ ለመሆኑ ማሽኑ ስለ እኔ ምን አለ አልሽኝ። ምንም አላለም፣ መቼ ነፋሽና አልኩሽ። ሳቅ አልሽና መስኮቱን ዘጋሽው። ያን ሁሉ መንገድ ለምን እንደመጣሽ አልጠይቅሽም፤ አንቺም አትንገሪኝ።

ስትመጪ ደረጃ አትወጪም። ብስክሌቱን ሦስታችን ፈታትተን ምድር ቤት አውርደነዋል፤ ፓምፕ ጣቱን ተቀጥቅጦ እስካሁን ያማርራል። ለጥበቃው ከላይ ሙቀቱ አስቸገረን ብለነዋል። ሥዕሎቹ እላይ እዚያው ናቸው፤ ካሻሽ ቁጭ ብለሽ ሻይሽን እየጠጣሽ በቃል አስረዳሻለሁ። አዲስ ቅጽም አዘጋጅቻለሁ። ስምሽን ብቻ ጽፌበታለሁ። ሌላውን እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትመልሻለሽ። አሥራ አንደኛው ላይ ስንደርስ ከመጀመሪያው ቀንሽ ጀምረሽ ንገሪኝ፤ አላቋርጥሽም።

እስከ እሁድ እግዜር በሰላም ያቆይሽ፤ ከእሁድም በኋላ ለብዙ ዓመት። መንገዱን ያቅልልሽ፤ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ።

ጥጥሽን ለቃሚ፣
ታናሽሽ