የክፍሉ ዜማ

ይድረስ ለእትዬ አስካለማርያም፤

የጅቡቲ ወበቅ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍም ዘንድሮ ያለ ጥፋት አለፈልን።

በወንድማችን በክፍሉ አኮርዲዮን ቤቴ ውስጥ ልጆች ማስተማር ከጀመርኩ ይኸው ዓመት ሞላኝ። የመጀመሪያዋ ተማሪዬ ማን መሰለችሽ? ክፍሉን ከአልጋው አስነስቶ የወሰደው የቀበሌ ሊቀመንበር ልጅ! «ልጄን ለአብዮት በዓል አስጠኚልኝ» አለኝ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው። እሺ አልኩት። ዓመቱን ሙሉ ያስጠናኋት ክፍሉ ራሱ ደርሶ ማታ ማታ በረንዳችን ላይ ይጫወታት የነበረችውን ያችኑ ዜማ ነው። ሰፈራችን ከዚራ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ከሌላ ሰፈር መጥቶ ከተሾመብን ከሱ በቀር።

በበዓሉ ቀን ልጅቷ አዳራሹ ውስጥ ተጫወተችው፤ መቼም እጇ ወርቅ ነው። አባትየው ከፊት ተቀምጦ ሲያጨበጭብ የሌላ ሰው ጭብጨባ አልተሰማም። ዞር ብሎ የሕዝቡን ፊት ሲያይ ላብ አጠመቀው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

የሴቶቹ ነገር ግን አበሸቀኝ። ዜማው ሳያልቅ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ቤት አዘቀዘቁ። ማን ሞተና ነው?

በማግስቱ ሰውዬው መጥቶ «ዜማው የማን ነው?» ቢለኝ፣ «ክፍሉ ሲፈታ ራሱን ይጠይቁት» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አቀርቅሮ ወጣ።

እስር ቤት የማደርስለት ስንቅ ሰሞኑን ሳይነካ እየተመለሰብኝ ነው። በርበሬው በዝቶበት ይሆናል፤ ለነገ አልጫ ሠርቼለታለሁ።

አምላክ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን፤ ሦስታችንንም።

እህትሽ ዘነበች
ድሬዳዋ