ያልተፎከረበት ኒሻን

ወረታ፣ ግንቦት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ዛሬ ተማሪዬን ተሰማን በእናቱ ድግስ ላይ ያዋረድሁት እኔ ነኝ።

ያስተማርሁት ልጅ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ከኦጋዴን ሁለት ኒሻን ይዞ መጣ። እናቱ በመንደራቸው በቁሐር ሚካኤል ወይፈን አሳርዳ አገሩን ጠራች። ሽማግሌዎቹ በተራ ሲፎክሩ እሱ ከመቀመጫው አልተነሣም።

«ተነሥ እንጂ! ኒሻኑን ከገበያ ገዛኸው እንዴ?» አልሁት። ሰው ሳቀ።

ቀስ ብሎ ተነሣ። «መምህር፣ ፎካሪ የጣለውን ያውቃል። እኔ ከላይ ሆኜ ቦምብ ጣልሁ እንጂ ፊታቸውን አላየሁም። ማንን ገደልሁ ልበል?»

ኒሻኖቹን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ወጣ። እናቱ አየችኝና ተከትላው ወጣች።

ዕድሜዬን ሙሉ «ሳታስቡ አትመልሱ» እያልሁ አስተማርሁ። ሳያስብ የጠየቀው ግን መምህሩ ሆነ።

ነገ ወደ ጦር ሰፈሩ ሲመለስ የምልክለት ቃል ይህ ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር ባትለኝም እንኳ ቶሎ መልስ ጻፍልኝ።»