ሴት ስታንኳኳ

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ጠዋት የተሸጠ፦ ሁለት የአልጋ ልብስ፣ አንድ መጋረጃ። ከቀትር በኋላ ገዢ ስለጠፋ ሱቁን ገርበብ አድርጌ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? የምትሠሪበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሳሙና እጅሽን እንዳይልጠው ቅባት አትርሺ።

ወንድምሽ ሰኞ ከእስር ወጣ፤ ሁለተኛ ጊዜው መሆኑ ነው። አዲስ ሸሚዝ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ጓደኞቹ ግን መኪና ይዘው ቀድመውኛል። ያ እወድሻለሁ እያለ ከእነሱ ጋር የቀላቀለሽ ቀጭኑም ነበረ። «እማዬ፣ ማታ እመጣለሁ» ብሎኝ አብሯቸው ሄደ። ሸሚዙን ይዤ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ያኔ ከወንድምሽ ጋር አብራችሁ በዝርፊያ ተይዛችሁ፣ አንቺ ስትወጪ ከእኔ በቀር ማን መጣ? ቀጭኑ በዚያ መንገድ እንኳ አላለፈም። «ሴት ልጅ ወድቃ የሚያነሣት የለም» ብዬ አንጀቴ አርሮ ነበር። ለካ ኪሳራ የመሰለኝ ትርፍ ኖሯል። ብቻሽን መቅረትሽ አተረፈሽ። ወንድምሽን ግን ወዳጅ በላብኝ።

ሰኞ ማታ እመጣለሁ ያለው ትናንት ለምሳ መጣ። ገና ሳይጎርስ፣

«እህቴ የት ነው ያለችው?» አለኝ።

«ምን ልትሠራላችሁ?»

«ምነው እማዬ፣ ናፍቃኝ ነዋ!»

«ናፍቆቱ ያንተ ነው የቀጭኑ?»

ሳቀ። «አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ ይገባሻል። ወንድ ሲያንኳኳ ሰው በቀዳዳ ያያል። ሴት ስታንኳኳ ዝም ብሎ ይከፍታል። እሷ ከሄደች ወዲህ የሚከፍትልን ጠፋ።»

«አድራሻዋን አላውቅም» አልኩት።

አላመነኝም። ሊወጣ ሲል ጉንጬን ሳመኝና «እማዬ ታማለች ብንላት እኮ በሩጫ ነው የምትመጣው» አለ፤ እየቀለደ። የልጄን ቀልድ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ልምጣ ወይ ብለሽኛል። አትምጪ። ታመመች ቢሉሽ አትምጪ። ሞተች ቢሉሽም አትምጪ፤ ጎረቤት ይቀብረኛል። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፣ አንሶላውን በየሳምንቱ እቀይረዋለሁ። ቢሆንም አትምጪ።

እግዜር ደጅሽን ይጠብቅልሽ፤ የሚያንኳኳብሽን ሁሉ በጎ ሰው ያድርግልሽ።

እናትሽ

ነገ ጠዋት፦ ቁልፍ ሠሪው ዘንድ ሄዶ የቤቱን ቁልፍ ማስቀየር። ወንድምሽ ጋ ያለውም፣ አንቺ ጋ ያለውም ከነገ ጀምሮ አይከፍትም።