ዋይፋዩ ይይዛል፣ ገጹ አይከፈትም

ሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 2009

ይይዛል፤ ግን አይከፍትም። ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ «ተገናኝቷል» ይለኛል። የትኛውንም ገጽ ስጠይቀው ግን «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ቀይ ምልክት ይደቅንብኛል። ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ያለው ሆቴል በረንዳ ላይ ስታገል ማኪያቶዬ በረደ።

የሞከርኩት፦ ላፕቶፑን ዘግቶ መክፈት። ፓስወርዱን አጥፍቶ እንደገና ማስገባት። አንቲቫይረሱን ማጥፋት። ብሮውዘር መቀየር። ቢስሚላህ ብሎ መጀመር። ምንም።

እዚያው ቁጭ ብዬ በስልኬ ስሞክረው ደግሞ ይከፍታል። የሚያናድደው ይሄ ነው።

እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልላክኩ የአዲስ አበባው ሥራ ቀረ ማለት ነው። የሰጡኝ ፈተና አልቋል። ለክሊኒክ ቀጠሮ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ቆንጆ ሆኗል። የቀረው መላኩ ብቻ ነው፤ የመላኪያ ገጻቸው ደግሞ ከስልክ አይቀበልም። ከአባዬ ጋር ተስማምተናል፤ ይሄ ሥራ ካልሆነ ቅዳሜ ገበያ ባለው የጨርቅ ሱቃችን እቀመጣለሁ። ከተመረቅኩ ዓመት ሞላኝ። እሱም መጠበቅ ሰልችቶታል፣ አልፈርድበትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8

ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ብልህ ነኝ ብዬ! ፍላሹን ከመሰካቴ የቤቱ ቫይረስ ፋይሎቹን ሁሉ አበላሻቸው። መልሼ ላፕቶፔ ላይ መሰካት ፈራሁና ፍላሹን እንደ በሽተኛ ለብቻው ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወደ ሆቴሉ። ሰው ፊልም እያወረደ ሲያስቸግራቸው ላፕቶፕ ላይ ዘግተውት ነው የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ካሸሯን ገነትን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከዘጋችሁት ዘጋን በሉ፤ ማኪያቶ ለመሸጥ ብላችሁ አታታልሉን» አልኳት። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ለሌላው ሰው እየሠራ እንደሆነ ብቻ ነገረችኝ። ጥግ ላይ አንድ ጎረምሳ በላፕቶፑ ኳስ እያየ ነበር። አይቼዋለሁ። ማመን ግን አልፈለግኩም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 9

አዘዞ፣ ኤርፖርቱ መንገድ ላይ ያለው አዲስ ሆቴል ዋይፋዩ እሳት ነው አሉኝ። በሚኒባስ ተጣብቄ ሄድኩ። ያው ቀይ ምልክት።

በንዴት የስልኬን ኢንተርኔት ከፍቼ ላፕቶፑን ከሱ ጋር አገናኘሁት። ቀርፋፋ ስለሆነ ፋይሉን እንደማይጭንልኝ አውቃለሁ፣ ለመፈተን ያህል ነው። ያው! እንግዲህ የፒያሳውም ሆቴል አይደለም፣ የአዘዞውም አይደለም። ችግሩ የራሴው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ገነት ትዝ አለችኝና ፊቴ ጋለ።

ከሰዓት በኋላ ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። የኔትወርኩን ቅንብር አንድ በአንድ ወደነበረበት መለስኩ። ምንም። አባዬ ሲገባ ፊቴን አይቶ፣ «ምነው፣ አሁንም አልተላከም?» አለኝ። ሱቅ ውስጥ ከቅዳሜ ጀምሮ የምቀመጥበት መቀመጫ እንዳዘጋጀልኝም ነገረኝ። የሚያጽናናኝ መስሎታል። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 10

አገኘሁት። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!

እስከዛሬ ቀዩን ምልክት እያየሁ ስናደድ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቤው አላውቅም። ዛሬ፣ ፒያሳው ሆቴል ተመልሼ የምሞክረው ሲያልቅብኝ፣ አነበብኩት። የገጹ የምስክር ወረቀት፣ ያ እውነተኛነቱን የሚያሳይበት፣ ጊዜው ገና አልጀመረም ይላል። ገና? ዓይኔ ወደ ታች፣ ወደ ጥጉ ሄደ። 2009 ይላል።

ፈረንጆቹ 2017 ላይ ናቸው። ላፕቶፔ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር ነው መያዝ ያለበት። እሱ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ያልደረሰ የምስክር ወረቀት ይዛችሁ መጣችሁ እያለ ገጹን ሁሉ ይመልሳል። ስልኬ ቀኑን ከኔትወርኩ ስለሚወስድ አልተሳሳተም። ያንን ጥግ ደግሞ ሰኞም ማክሰኞም አይቼዋለሁ። ወር ዘጠኝ፣ ዓመት 2009። ግንቦት ነው፣ ልክ ነው። ሰዓቱም ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ይላል። ምኑ ይከንክነኝ?

ቀኑን አስተካከልኩ። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ፋይሉን መጫን ጀመርኩ፣ ግማሽ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። የሆቴሉ ጄኔሬተር ለማኪያቶ ማሽኑ እንጂ ለዋይፋዩ አይሆንም። አመሻሽ ድረስ ብጠብቅ አልመጣም።

እራት ላይ ላፕቶፔን ማን እንደነካው ጠየቅኩ። «እኔ ነኝ» አለ አባዬ፣ ደስ ብሎት። እሁድ የአክስቴን ልጅ የሰርግ ቪዲዮ እንዲያይበት ሰጥቼው ነበር። የራሱን ስልክ ሁልጊዜ በእኛ ቀንና ሰዓት ነው የሚሞላው። «ቀኑም ሰዓቱም ተዛብቶ አገኘሁት ልጄ። ሥራሽን እንዳያሳስትሽ ብዬ አስተካከልኩልሽ።»

ጥሩ አድርገሃል አልኩት። ክፍሌ ገብቼ ትራሱን ነከስኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 11

ተላከ። አልሐምዱሊላህ፣ ተላከ።

ሆቴሉ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። መሃል ላይ ሁለቴ ተቋረጠ፤ ሁለቴም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በመጨረሻ «ደርሶናል፤ ሰኞ እናሳውቅሻለን» የሚል መልስ መጣ።

ገነትን ይቅርታ ጠየቅኳት። የላፕቶፔ ቀን ተሳስቶ እንደነበር ነገርኳት፤ ማን እንዳሳሳተው ግን አልነገርኳትም። ሳቀችብኝ። ይገባኛል።

አባዬ ከጁምዓ ተመልሶ መላኩን ሲሰማ ደስ አለው። እስከዛሬ ምን ሆኖ ነው ታዲያ አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን፣ የሆቴሉ ዋይፋይ ነው አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ባለቤቱን አውቀዋለሁ። ልጄን ሥራ ሊያስቀራት? አሁኑኑ ሄጄ አነጋግረዋለሁ» ብሎ ወደ ጫማው ተመለሰ።

ሱቅ እንድቀመጥለት ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቅ የከረመው አባዬ ነው ይሄ። ልቤ ተነካ። ግን ገነት በእኔ የተነሳ ደግማ ልትሰደብ ነው።

«ተው አባዬ፣ የሆቴሉ አይደለም» አልኩት። «ቀኑ ነው። ላፕቶፕ ኢንተርኔት የሚከፍተው በፈረንጅ ቀን ነው።»

አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ እንዳደረገ ቆመ።

«እኔ ነኛ» አለ።

ጫማውን ቀስ ብሎ አወለቀና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ዓይኔን ማየት ተወ። ቆይቶ፣ ነገ ሱቅ እንዳትመጪ አለኝ፤ መልሱን ቤት ሆነሽ ጠብቂ።

«እምቢ ቢሉስ?» አልኩት።

«ሌላ ቦታ ትልኪያለሽ» አለና ምሳ እንዲቀርብ ጠየቀ።