ሁለቴ የደረሰኝ ዕጣ

ልጄ ግሩም፣ በገባህበት ጫካ ሁሉ የመድኃኔዓለም ዓይን አይለይህ። እኔና እህትህ ሶሊ ደህና ነን። የምሠራበት ፍሉግሃፈን፣ አየር ማረፊያው፣ ወደ ጠዋት ፈረቃ አዛውረውኛል፣ ጉልበቴም ተሽሎታል።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቶምቦላ ነበር። ምን ቢደርሰኝ ጥሩ ነው? አንተ ስዊድን የምትነዳው የዛፍ መቁረጫ ማሽን፣ ክንድ የሚያህል አሻንጉሊቱ! እንደ ልማዳችን "ለቤተ ክርስቲያን ይሁን" ብዬ መለስኩት። እንደገና ሲዞር ለበረከት አንድ ቲኬት ብገዛ ያው ለእኔ ወጣ። ዕጣ አውጪዋ እታገኝ "ወዶሽ ነው፣ ውሰጂው እንግዲህ!" ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ቤት ስንከፍተው ሳጥኑ ላይ ሾፌር ተስሏል፣ ማሽኑ ውስጥ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ሶሊ "ማማ፣ ፋብሪካው ረስቶት ነው" ትለኛለች። አንተ ግን ባለፈው "በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል" ብለኸኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ቀን ሙሉ ስልክህን አታነሳም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በሠራተኞች ካምፓችሁ አድራሻ ላክሁት። በረዶው እስኪያልቅ ቁልቁለቱን እምቢ በል፤ አለቃህ ቢቆጣ ይቆጣ። እመቤቴ በጥላዋ ትጋርድህ። አንተ መደወል ካልቻልክ፣ አብሮህ የሚያድረው ተስፋልደት ከፍቶ ያንብበውና እሱ ይደውልልኝ።

እናትህ ሀረገወይን